ቫይታሚን ስትገዙ ብልቃጡን አዙራችሁ ጀርባውን አንብቡ

ከአሜሪካ ሰው ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ከጫማና ከሽቶ ቀጥሎ የማይጠፋው ነገር ቫይታሚን ነው። ለእማዬ ካልሲየም፣ ለአባባ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ወንድ የሚለው መልቲቫይታሚን፣ ለእህት ደግሞ ያ ለፀጉርና ለጥፍር የሚባለው። እና ሰጪውም ተቀባዩም ውስጡ ያለው እምነት አንድ ነው፣ አሜሪካ ሱቅ ውስጥ የተሸጠ ነገር መንግሥት ሳይመረምረው አይሸጥም። በቫይታሚን ጉዳይ ይሄ እምነት ልክ አይደለም፣ ጥራት ያለውን ከሌለው መለየት የሚጀምረውም ይሄን ከመረዳት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹን የኢትዮጵያ ካላልኩ በቀር በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አሜሪካ ውስጥ መድኃኒትና ሰፕልመንት (ቫይታሚንና ማዕድንን የመሰለ ከምግብ በተጨማሪ የሚወሰድ ነገር) በአንድ ሕግ አይተዳደሩም። መድኃኒት ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጥናቱን አይቶ ይሠራል ወይ፣ ጉዳቱስ ምንድነው ብሎ ነው የሚያፀድቀው። ሰፕልመንት ግን በ1994 በወጣው ሕግ የሚታየው እንደ ምግብ ዘር ነው፣ ማለትም ኩባንያው ራሱ ደህና ነው ብሎ ያመነበትን አምርቶ ሼልፍ ላይ ይደረድራል፣ ኤፍዲኤ በአብዛኛው የሚደርሰው ችግር ከተፈጠረ በኋላ ነው። ከ2007 ወዲህ ፋብሪካው እንዴት ማምረት እንዳለበት የሚል ደንብ አለ፣ ተቆጣጣሪም ይሄዳል፣ ግን ያን ሁሉ ፋብሪካና ያን ሁሉ ምርት ማዳረስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚ አንድ ቫይታሚን ላይ ኤፍዲኤ አፕሩቭድ የሚል ካያችሁ እሱን መልሳችሁ አስቀምጡት፣ ኤፍዲኤ ሰፕልመንት አያፀድቅምና የጻፈው ሰው ገና በመጀመሪያው መስመር ዋሽቷችኋል። "ኤፍዲኤ የተመዘገበ ፋብሪካ" የሚለውም ብዙ አያኩራራም፣ ፋብሪካው አለሁ ብሎ ስሙንና አድራሻውን አስመዝግቧል ማለት ነው እንጂ ኪኒኑን ማንም አላየለትም።

ታዲያ ይሄ በተግባር ምን ያመጣል ካላችሁ፣ በ2013 የታተመ አንድ ጥናት አለ፣ አሜሪካ ውስጥ ከሱቅና ከፋርማሲ የተገዛ ቫይታሚን ዲ ላብራቶሪ አስገብተው ሲለኩት ኪኒኖቹ ውስጥ የተገኘው መጠን ላቤሉ ላይ ከተጻፈው ከ9% እስከ 146% ድረስ ይዋዥቅ ነበር። አንዱ ባዶ ሊባል የሚችል ሌላው ከተባለው ግማሽ ያህል የበለጠ። ብልቃጡ ላይ የገለልተኛ ምርመራ ማህተም የነበረው ግን የተጻፈውን ያህል ሆኖ ነው የተገኘው። በ2023 ደግሞ ከረሜላ የሚመስለውን ጋሚ የሚባለውን የሜላቶኒን (እንቅልፍ እንዲያመጣ የሚወሰድ ነው) ሰፕልመንት 25 ዓይነት ወስደው ለኩ፣ 22ቱ ከላቤሉ ጋር አልገጠመም፣ አንዱ ውስጥማ ጭራሽ ሜላቶኒን የሚባል ነገር አልተገኘም። ሜላቶኒን ቫይታሚን አይደለም አውቃለሁ፣ ግን የሚገዛበት ሼልፍም የሚተዳደርበት ሕግም አንድ ነው።

እንግዲህ መንግሥት አስቀድሞ የማያየው ከሆነ ማነው የሚያየው? እዚህ ላይ ነው ማህተሙ የሚመጣው። ሁለት ስም ያዙ፣ ዩኤስፒ እና ኤንኤስኤፍ። ዩኤስፒ በ1820 የተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፣ የመድኃኒት ጥራት መለኪያ የሚጽፈው እሱ ነው። "ዩኤስፒ ቬሪፋይድ" የሚል ክብ ማህተም ያለበት ብልቃጥ ካያችሁ አራት ነገር ታይቶለታል፦ ላቤሉ ላይ ያለው ነገር በተባለው መጠን ውስጡ አለ፣ እንደ እርሳስ ያለ ጎጂ ብረትና ሌላ ቆሻሻ ከተፈቀደው በላይ የለውም፣ ኪኒኑ ሆድ ውስጥ ይፈርሳል (ሳይፈርስ ገብቶ ሳይፈርስ የሚወጣ ኪኒን አለ፣ አትሳቁ)፣ ፋብሪካውም በደንቡ ነው የሚሠራው። ኤንኤስኤፍም እንደዚሁ ምርት የሚመረምር ገለልተኛ ድርጅት ነው፣ ለስፖርተኛ የሚሰጠው ማህተሙ ደግሞ በስፖርት የተከለከለ ንጥረ ነገር እንደሌለው ጭምር ያያል፣ ሯጭ ዘመድ ያለው ሰው ከዚህ ውጪ ያለውን ባይልክለት ይሻላል፣ በተበከለ ሰፕልመንት ምክንያት መቀጣት እውነተኛ ነገር ነውና።

ሦስት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ ማህተሙ የሚሰጠው ለአንድ ምርት ነው እንጂ ለኩባንያው በሙሉ አይደለም፣ ኔቸር ሜድና የኮስኮው ከርክላንድ ብዙ ምርታቸው የዩኤስፒ ማህተም አለው ግን ሁሉም አይደለም፣ በእጃችሁ የያዛችሁት ብልቃጥ ላይ መኖሩን ነው የምታዩት፣ ከተጠራጠራችሁም የዩኤስፒ ድረ ገጽ ላይ ዝርዝሩ አለ። ሁለተኛ ከንጥረ ነገሩ ስም ጎን ዝም ብሎ ዩኤስፒ የሚሉት ፊደሎች ተጽፈው ካያችሁ ያ ማህተሙ አይደለም፣ አምራቹ ራሱ በእነሱ መለኪያ ነው የሠራሁት ማለቱ ነው፣ ማንም አላረጋገጠለትም። ሦስተኛ ማህተሙ "ይሄ ነገር ያድናል" ወይም "አንተ ያስፈልግሃል" አይልም፣ የተጻፈው ነገር ውስጡ አለ ነው የሚለው፣ በቃ። ሌላው ፊት ለፊት የሚለጠፈው ወርቃማ ክብ ሁሉ፣ ፋርማሲዩቲካል ግሬድ ነው ዶክተር ሪኮመንድድ ነው ላብ ቴስትድ ነው፣ ማን መረመረ ብላችሁ ስትጠይቁ መልስ ከሌለው ጌጥ ነው።

ካናዳ ያላችሁ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናችሁ፣ እዛ ሄልዝ ካናዳ ፈቃድ የሰጠው ምርት ኤንፒኤን የሚባል ባለ ስምንት አሃዝ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩ ከሌለ አትግዙ። አውሮፓ ደግሞ ከ2002 ጀምሮ የትኛው ቫይታሚን በየትኛው መልኩ ሰፕልመንት ውስጥ እንደሚገባ የጋራ ሕግ አለ፣ ከፍተኛው መጠን ግን ከአገር አገር ይለያያል። አገር ቤት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት። እንግዲህ አገር ቤት የምትገዙ ከሆነ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ በደረሰኝ መግዛት እና በቴሌግራም "ኦሪጅናል የአሜሪካ" ብሎ ከሚያዞረው ሰው መግዛት አንድ አይደለም፣ ያኛው ነገ አካውንቱን ቢዘጋ ማንን ትይዛላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ብልቃጡን አዙሩት። ፊቱ ማስታወቂያ ነው፣ ጀርባው ላይ ያለው ሰፕልመንት ፋክትስ የሚለው ሰንጠረዥ ነው ኩባንያው በሕግ የሚጠየቅበት።

መጀመሪያ የምታዩት ሰርቪንግ ሳይዝ የሚለውን ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ፊቱ ላይ ካልሲየም 1200 ብሎ በትልቁ ይጽፋል፣ ጀርባው ላይ ሰርቪንግ ሳይዝ ሁለት ኪኒን ይላል፣ ስለዚ አንዱ 600 ነው። አራት ካፕሱል አንድ ሰርቪንግ የሆነበትም አለ፣ 120 ፍሬ ያለው ብልቃጥ አራት ወር ይበቃኛል ያላችሁት በወር ያልቃል፣ ዋጋ ስታወዳድሩም ከዚህ ተነስታችሁ ነው።

ቀጥሎ መጠኑ፣ ከመጠኑ ጎን ደግሞ ፐርሰንት ዴይሊ ቫልዩ አለ፣ አንድ ጤነኛ አዋቂ በቀን ከሚያስፈልገው ስንት በመቶ እንደሆነ የሚያሳይ። ለመልቲቫይታሚን 100% አካባቢ የሆነ ነገር በቂ ነው። ቢ12 ላይ 41,667% የሚል ካያችሁ አትደንግጡ፣ ይሄ የ1000 ማይክሮግራም ኪኒን ነው፣ የቀን ፍላጎት 2.4 ማይክሮግራም ስለሆነ ስሌቱ እንደዛ ይወጣል። ቢ12ን በምግብ መልክ ሰውነት የሚወስድበት መንገድ በአንድ ጊዜ ትንሽ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ከዛ በላይ ያለው እንዲሁ ሲሾልክ የሚገባው መቶኛ አንድ ገደማ ነው፣ ለዛ ነው መጠኑን የሚቆልሉት፣ የሚተርፈው በሽንት ይወጣል። ይሄ ግን ለቢ12 ነው፣ ለሁሉም ቫይታሚን እንዳይመስላችሁ፣ ወደሱ እመጣለሁ።

ከዛ ማዕድኑ ከምን ጋር ተጣመረ የሚለው ጉዳይ አለ። ማዕድን ለብቻው ኪኒን አይሆንም፣ ከሌላ ነገር ጋር ተጣምሮ ነው የሚመጣው፣ ማግኒዚየም ኦክሳይድ፣ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ፌረስ ሰልፌት እየተባለ። እናም የጥምሩ ክብደትና ውስጡ ያለው የማዕድኑ ክብደት የተለያየ ነው፣ የበሬው የቁም ክብደትና የሚበላው ሥጋ እንደሚለያየው። ሐኪም የሚያዘው የታወቀው የብረት ኪኒን 325 ሚሊግራም ይላል፣ ይሄ የፌረስ ሰልፌቱ ክብደት ነው፣ ንጹሕ ብረቱ 65 ሚሊግራም ነው። ፌረስ ግሉኮኔት ከሆነ ከክብደቱ 12% ገደማ ብቻ ነው ብረት። ማግኒዚየም ግላይሲኔት ፊቱ ላይ 1000 ብሎ ጀርባው ላይ ማግኒዚየም 140 ምናምን ሊል ይችላል፣ የሚቆጠረው ጀርባው ላይ ያለው ነው። የጥምሩን ክብደት ብቻ ጽፎ የንጹሑን ማዕድን የማይነግር ኩባንያ ካጋጠማችሁ ሆን ብሎ ነው ብላችሁ ውሰዱት።

የቱ ጥምር ይሻላል የሚለው እንደ ማዕድኑ ነው። ማግኒዚየም ኦክሳይድ በቁጥር ብዙ ማግኒዚየም አለው ግን ሰውነት በደንብ አይወስደውም፣ አብዛኛው ሆድ ለማለስለስ ነው የሚጠቅመው፣ ሲትሬትና ግላይሲኔት የተሻለ ይገባሉ። ካልሲየም ካርቦኔት ርካሽ ነው፣ ጥሩም ነው፣ ግን የሆድ አሲድ ስለሚፈልግ ከምግብ ጋር መወሰድ አለበት። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው (አገር ቤት ማን የማይወስድ አለ) ካልሲየም ሲትሬት ይሻለዋል፣ እሱ በባዶ ሆድም ይሄዳል። ካልሲየም በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም በላይ መዋጥ ትርፉ ትንሽ ነው፣ ከፍላችሁ ጠዋትና ማታ ውሰዱት። ቫይታሚን ዲ ላይ ዲ3 ከዲ2 የበለጠ ደም ውስጥ መጠኑን ያነሳል፣ ከምሳ ወይም ከእራት ጋር ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰድ። መለኪያው ሁለት ስለሆነ እንዳትምታቱ፣ 40 አይዩ ማለት 1 ማይክሮግራም ነው፣ አንዱ ብልቃጥ 1000 አይዩ ሌላው 25 ማይክሮግራም ቢል አንድ ነው።

ቢ12 ላይ ሜቲል የሚል ስም ያለውን በሦስት እጥፍ ዋጋ ይሸጡላችኋል፣ ሳያኖኮባላሚን የሚባለው ርካሹ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው፣ ቶሎም አይበላሽም። ፎሌት ላይ ደግሞ የባሰ ነው፣ ኢንተርኔቱ ሁሉ ሜቲልፎሌት ካልሆነ እያለ ይጮኻል፣ ግን ጽንሱን ከአከርካሪና ከጭንቅላት ክፍተት እንደሚከላከል በጥናት የተረጋገጠለት ተራው ፎሊክ አሲድ ነው። ይሄን የማጎላው ምክንያት ስላለኝ ነው፣ ይሄ ችግር ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ሕፃናት ላይ ነው የሚታየው፣ አከርካሪው የሚዘጋው ደግሞ ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፣ አብዛኛዋ ሴት ማርገዟን እንኳን ሳታውቅ። ስለዚ ለመውለድ ያሰበች ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ መጀመር ያለባት ከእርግዝናው በፊት ነው። አዲሱ የአሜሪካ ላቤል ላይ 680 ብሎ ከስሩ 400 ፎሊክ አሲድ ብሎ ይጽፋል፣ አንድ ነው፣ 400ውን ነው የምታዩት። እና ለዚህ ውድ ብልቃጥ ከአሜሪካ እስኪመጣ መጠበቅ የለባትም፣ ካረገዘች በኋላም ጤና ጣቢያ በእርግዝና ክትትል የሚሰጡት የብረትና ፎሊክ አሲድ ኪኒን በነፃ ነው፣ ዕቃው ቆንጆ ስላልሆነ መናቅ የለበትም።

ብዙ ሲሆን ይበልጣል የሚለው ነገር ነው እኔን በጣም የሚያናድደኝ። ሱቅ ሄዳችሁ 5000 የሚልና 1000 የሚል ጎን ለጎን ካለ እጃችን ወደ 5000 ነው የሚሄደው፣ ዋጋው ተቀራራቢ ስለሆነ አተረፍን እንላለን። ቅባት ውስጥ የሚሟሙት ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ እንደ ቢ12 ተርፎ በሽንት አይወጡም፣ ይጠራቀማሉ። ቫይታሚን ዲ ለአዋቂ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4000 አይዩ በላይ መሄድ አይመከርም። ሐኪም የሚያዘው ባለ 50,000 አይዩ ካፕሱል አለ፣ እሱ በአብዛኛው በሳምንት አንዴ ነው፣ በየቀኑ መስሏቸው የዋጡ ሰዎች ደማቸው ውስጥ ካልሲየም ከልክ በላይ ወጥቶ ኩላሊታቸው ይጎዳል። ቫይታሚን ኤ ሬቲኖል በሚባለው መልኩ ከ3000 ማይክሮግራም ወይም 10,000 አይዩ በላይ በቀን ነፍሰ ጡር ከወሰደች ጽንሱን ሊያበላሽ ይችላል፣ የዓሣ ጉበት ዘይትም ውስጥ አለ፣ ስለዚ ነፍሰ ጡር ለእርግዝና የተዘጋጀውን ብቻ ትውሰድ። ላቤሉ ላይ ቤታ ካሮቲን ካለ ለጽንሱ አያሰጋም፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ግን ከፍተኛ መጠን ያለው ቤታ ካሮቲን መውሰድ የለበትም፣ በ1990ዎቹ የተደረጉ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰርን እንደጨመረ ነው ያሳዩት። ይጠቅማል ብለው ሲሰጡ ነበር እንግዲህ።

በውኃ የሚሟሟውም ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ቢ6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፣ እጅና እግር መደንዘዝ ያመጣል። ለነርቭ እየተባለ የሚሸጠው ቢ1 ቢ6 ቢ12 የተቀላቀለበት ኪኒን ውስጥ አንዳንዱ 100፣ አንዳንዱ 200 ሚሊግራም ቢ6 አለው፣ አሜሪካኖቹ በቀን ከ100 አይለፍ ይላሉ፣ አውሮፓውያኑ በ2023 ወደ 12 አወረዱት። ሰውዬው እግሬ ደነዘዘ ብሎ ይውጠዋል፣ ድንዛዜው ሲብስ ይጨምራል፣ አዙሪቱን ተመልከቱት። ዚንክ በየሱቁ 50 ሚሊግራም ነው የሚሸጠው፣ የላይኛው ልክ ግን በቀን 40 ነው፣ ለጉንፋን ሳምንት መውሰድ ሌላ ነገር ነው፣ በየቀኑ ለወራት ከሆነ ግን ኮፐር የሚባለውን ማዕድን ከሰውነት ያሟጥጣል።

ብረትማ ለብቻው ይታያል። ደም ሳይመረመሩ ብረት መጀመር የለም፣ በተለይ ወንድ። ወንድ በቀን 8 ሚሊግራም ይበቃዋል፣ የወር አበባ የምታይ ሴት 18፣ ነፍሰ ጡር 27። ደሙ ያነሰ አዋቂ ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት ከሆነች ጥያቄው ደሙ የት እየፈሰሰ ነው የሚል ነው፣ ጨጓራ ወይ አንጀት ሊሆን ይችላል፣ ኪኒን ከሻንጣ አውጥቶ መስጠት ያንን መደበቅ ነው። "ጤፍ ብረት አለው እኮ" የሚል አይጠፋም፣ አለው፣ ግን ከሚለካው ውስጥ ጥሩ ድርሻው ከአውድማው አፈር የተቀላቀለ ነው፣ ሰውነት እንዳለ አይወስደውም። ብረት ከታዘዘላችሁ ደግሞ ከቡናና ከሻይ ጋር አታገናኙት፣ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቁ፣ ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጋር ግን ይስማማል። በየቀኑ ሆድ የሚያሳምማችሁ ከሆነ ሐኪማችሁን አንድ ቀን እየዘለልኩ ልውሰደው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ እንደዛ ሲወሰድ ሰውነት ከእያንዳንዱ ኪኒን የተሻለ እንደሚያስገባ ጥናት አሳይቷል።

ታዲያ ለማን ነው በእውነት የሚያስፈልገው? ሁሉንም እየበላ ላለ ጤነኛ ሰው መልቲቫይታሚን ከልብ ሕመም ወይ ከካንሰር ያድናል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም፣ የአሜሪካው የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል በ2022 ይሄንኑ ነው ያለው። የኛ ሰው ላይ ግን ሁለት እውነተኛ ክፍተት አለ። አንዱ ቢ12 ነው። ጾሙን ሁሉ አጥብቆ የሚጾም ሰው ከዓመቱ ከግማሽ በላዩን ሥጋም ወተትም እንቁላልም አይቀምስም፣ ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮ ያለው ከእንስሳ በሚገኝ ምግብ ብቻ ነው። ለወጣት ጉበቱ ያስቀመጠው ያሻግረዋል፣ ዕድሜው ለገፋ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ለሚወስድ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለዓመታት ለሚወስድ ግን መመርመር ይገባዋል፣ ሁለቱም መድኃኒቶች ቢ12ን ይቀንሳሉና። ሦስቱም የተደራረቡበት እናት ወይ አባት ያላችሁ ይሄኔ እያሰባችሁ ነው። ሁለተኛው ቫይታሚን ዲ ነው፣ ጥቁር ቆዳ ይዞ ሚኒሶታ ወይ ስቶክሆልም መኖር፣ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ መሥራት፣ ፀሐዩ ቆዳ አይነካም። እስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ላይም እጥረቱ በጥናት የታየ ነው። አገር ቤትም ቢሆን ፀሐይ አለ ብሎ መዝናናት አይቻልም፣ ፀሐይ ኖሮ ቢሮ ውስጥ ከዋሉ ምን ዋጋ አለው።

ጾም ከተነሳ አይቀር፣ ካፕሱሉ ከምን ተሠራ የሚለውን የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ጀርባው ላይ ከሰንጠረዡ ስር አዘር ኢንግሪዲየንትስ የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለ፣ እዛ ላይ ጄላቲን ካለ በአብዛኛው ከከብት ወይ ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው የተሠራው፣ የትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይጽፉም። ሙስሊም ከሆናችሁ ሐላል የሚል ማረጋገጫ ያለውን፣ ካልሆነም ቬጅተብል ካፕሱል የሚለውን ፈልጉ። ዲ3 ራሱ አብዛኛው ከበግ ፀጉር ቅባት ነው የሚወጣው፣ ቪጋን (ከእንስሳ የተገኘ ነገር የሌለበት) የሚለው ደግሞ ላይከን ከሚባለው፣ ድንጋይና ዛፍ ላይ ተለጥፎ ከሚያድገው የድንጋይ ሽበት። በጾም ይወሰዳል አይወሰድም የሚለውን እኔ አልፈርድም፣ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ፣ ለሕክምና ታዞ ከሆነ ግን ያንንም ንገሯቸው።

ከሌላ መድኃኒት ጋር የሚጋጨውን በአጭሩ ልበል። የእንቅርት መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን የሚወስድ ሰው ካልሲየምና ብረትን በአራት ሰዓት ያርቅ፣ አለዚያ መድኃኒቱ አይገባም። ሲፕሮና ዶክሲሳይክሊን የመሳሰሉ አንቲባዮቲኮችም ከብረት፣ ከካልሲየምና ከዚንክ ጋር ይያያዙና ሳይሠሩ ያልፋሉ። ደም ለማቅጠን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ኬ ያለበትን ነገር ሐኪሙ ሳያውቅ አይጀምር አያቋርጥ። ያ የፀጉርና የጥፍር የተባለው ደግሞ ባዮቲን ነው፣ በቀን 30 ማይክሮግራም ይበቃል እየተባለ 10,000 ነው የሚሸጠው፣ ፀጉር ማብቀሉ እጥረት ለሌለበት ሰው ማስረጃ የለውም፣ ጣጣው ግን የደም ምርመራን ያሳስታል። የእንቅርት ውጤት ያዛባል፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሲመታ ደም ውስጥ የሚለካውን ትሮፖኒን ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፣ ኤፍዲኤ በ2017 ማስጠንቀቂያ ያወጣበት ነው። የደም ምርመራ ካላችሁ ቀደም ብላችሁ ለሐኪሙ ተናገሩ።

ጋሚ የሚባለውን ለአዋቂ አልመክርም። ስኳር አለው፣ ብዙዎቹ ብረት የላቸውም፣ ቫይታሚኑም እዛ ለስላሳ ነገር ውስጥ ቶሎ ስለሚደክም አምራቹ አስቀድሞ አብዝቶ ይከታል፣ ስለዚ ትኩሱ ከተጻፈው በላይ አሮጌው ከተጻፈው በታች ሊሆን ይችላል። ልጆች ደግሞ ከረሜላ ነው ብለው ብልቃጡን ይጨርሱታል። የብረት ኪኒንማ ትንሽ ልጅ በርከት አድርጎ ከዋጠ ይገድላል፣ ይሄን እያጋነንኩ አይደለም፣ ከአልጋ ራስጌ ኮመዲኖ ላይ አንሱት።

አሁን ስለ መላክ። አሜሪካ ውስጥ ሰፕልመንት ላይ የማለቂያ ቀን መጻፍ በሕግ ግዴታ አይደለም፣ ጥሩዎቹ ይጽፋሉ፣ ያልጻፈውን አትግዙ፣ ለሰው የምትልኩ ከሆነ ቢያንስ ዓመት የቀረው ይሁን ምክንያቱም እናቶች ያስቀምጡታል፣ "ለክፉ ቀን" ተብሎ ሁለት ዓመት ቁምሳጥን ውስጥ ይከርማል። ኦንላይን ስትገዙ ሻጩ ማነው የሚለውን እዩ፣ ትልቁ ድረ ገጽ ላይ ቢሆንም ሻጩ ማንም የማያውቀው ሦስተኛ ሰው ሊሆን ይችላል፣ የኩባንያው የራሱ ሱቅ ወይም የታወቀ ፋርማሲ ይሻላል። ብልቃጡ ሲደርስ አፉ ላይ ያለው ማሸጊያ ያልተቀደደ፣ የምርት ቁጥሩ ያልተፋቀ መሆኑን እዩ። ሙቀትና እርጥበት ጠላቱ ነው፣ መኪና ውስጥ፣ ሽንት ቤት ቁምሳጥን ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥም።

እና እባካችሁ ሻንጣ ለማቅለል ብላችሁ ሦስት ብልቃጥ አንድ ፌስታል ውስጥ አትገልብጡት። ላቤል ከሌለው ኪኒኑ ስም የለውም፣ እማዬ "ነጯን ጠዋት ቢጫዋን ማታ" ብላ ትይዘዋለች፣ ሆስፒታል ስትገባ ሐኪሙ ምን እየወሰዱ ነው ሲል ማንም መልስ የለውም። ብልቃጡን እንዳለ ላኩ፣ ጀርባውን ደግሞ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ እዛ ላለው ሰው በቴሌግራም ላኩለት፣ ክትትል በምትሄድ ቀን ለሐኪሙ ያሳይላታል።